ሁሉም ሥራ አስቸኳይ ሲሆን የቱ ይቀድማል? ሳምንታችሁን እንዴት ነው የምታደራጁት?

ሰኞ_አይወደኝም

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እናንተ የሳምንት ሥራችሁን እንዴት ነው ቅደም ተከተል የምታስይዙት? "ሊስት ጻፊ" እንዳትሉኝ ብቻ። ሊስት መጻፍማ ማን ብሎኝ! ጣጣው ከሊስቱ በኋላ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ የግል አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው፤ ቤቴ አያት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል እገባለሁ። ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ማስተርስ እማራለሁ። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው፤ ወንድሜ ክፍለ ሀገር ስለሆነ የእሷ ጉዳይ በሙሉ እኔ ጋ ነው።

እሁድ ማታ ሊስቱን ሳዘጋጅ ልቤ ሙሉ ነው። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ አለቃዬ በሩ ላይ ብቅ ይልና "ይቺን ቶሎ አድርጊልኝ፣ አሥር ደቂቃ ነው" ይላል። አሥር ደቂቃዋ ምሳ ሰዓት ትደርሳለች። ከሰዓት ከባንክ ይደወላል፣ መጋዘን ያለው ልጅ ደረሰኝ ጠፋብኝ ይላል፣ የቴሌግራም ግሩፑ ይንጫጫል። ማታ ሊስቱን ሳየው የተሰረዘችው መስመር "ለእገሌ ደውይ" የምትለዋ ብቻ ናት።

በዚህ ላይ ሰኔ ነው። ሰኔ ለሒሳብ ሰው ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። 30 ላይ በጀት ዓመቱ ይዘጋል፣ የንብረት ቆጠራ አለ፣ ኦዲተር አለ፣ የግንቦት ቫትም ከሰኔ ማለፍ የለበትም።

የዚህን ሳምንት ሊስት እንዳለ ልገልብጥላችሁ። የግንቦት ቫት ማሳወቅ። የግንቦት የሥራ ግብርና ጡረታ። የሁለት ባንክ ሪኮንሲሌሽን (የባንኩንና የእኛን መዝገብ ማመሳከር)። ኦዲተሩ የጠየቃቸውን ፋይሎች ማውጣት። ለቆጠራው የመጋዘን ሊስት ማዘጋጀት። የፕሮፖዛሌ ምዕራፍ አንድ፣ አድቫይዘሬ ቀይ በቀይ አድርጎ የመለሰው። እማዬን ለዓይን ቀጠሮ መውሰድ። ወረዳ ሄጄ መታወቂያ ማሳደስ። የሰኔ ሚካኤል ማኅበር ዘንድሮ እኛ ቤት ነው፤ ጠላው፣ ድፎው፣ ወንበር ከእድር ማምጣቱ። የመብራት ካርድ። የእቁብ ብር። ልብስ ሰፊዋ ጋ። ስፖርት።

ስፖርት የሚለው ላይ አትሳቁ።

ከዚህ ውስጥ የቱን ነው የማስቀድመው? የቱን ነው የምተወው? አፕ አለ፣ ምንም አለ፤ ሞክሬዋለሁ፤ ሪማይንደሩ ሲጮህ ድምፁን አጥፍቼ ነው ሥራዬን የምቀጥለው። በእውነት የሚሠራላችሁን ንገሩኝ።

ቁጥር_ወዳጅ

እህቴ፣ ሊስትሽን ሳነበው እኔ ደከመኝ 😅

የቱ ይቅደም ከማለትሽ በፊት ያለሽን ሰዓት ቁጠሪ። ቀልዴን አይደለም። የፕሮጀክት ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው፤ የሌላ ሰው ጊዜ ማቀድ እንጀራዬ ነው። አብዛኛው ሰው ቅደም ተከተሉን አያጣውም፤ ሰዓቱን ነው ያለውን ያህል አድርጎ የማያየው።

እስቲ ከጻፍሽው ተነስቼ ልገምት። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በቀን ሰባት ሰዓት ብትተኚ 49 ሄደ፤ 119 ቀረ። ሥራ አምስቱን ቀን ስምንት ስምንት፣ ቅዳሜ አራት፤ 44 ነው። 75 ቀረ። ከአያት ሜክሲኮ ደርሶ መልስ ከነሰልፉ በቀን ሦስት ሰዓት እንበል፤ ባቡሩም ታክሲውም ደህና በዋሉበት ቀን ማለት ነው። በስድስት ቀን 18፤ 57 ቀረ። የምሳ ሰዓት አምስት፤ 52። ክፍል ስምንት፤ 44። መብላት፣ መታጠብ፣ ወጥ መሥራት፣ ቤት ማስተካከል በቀን ሦስት ሰዓት ይበላል፤ 21። ስለዚህ 23 ቀረ። ቤተ ክርስቲያን፣ ዘመድ፣ ስልክ፣ ጎረቤት ስምንት ብትይ፣ የቀረሽ 15 ሰዓት ነው።

15 ሰዓት! ከዚህ ላይ ድንገት ለሚመጣው ነገር አንድ ሦስተኛውን ብትተይ 10 ቀረሽ። ከቢሮ ውጪ ያለው ሊስትሽ ግን ፕሮፖዛል፣ ወረዳ፣ ማኅበር፣ ልብስ ሰፊ፣ ስፖርት ብሎ ይቀጥላል። ፕሮፖዛሉ ብቻ 10 ሰዓቱን ጠቅልሎ ይወስደዋል። ስለዚህ ከእሁድ ማታ ጀምሮ የማይሆን ነገር ነው የጻፍሽው፤ የስንፍና ጉዳይ አይደለም።

ቢሮ ውስጥ ያለውንም እንደዚሁ ቁጠሪው። 44 ሰዓት በሙሉ የአንቺ አይደለም። አለቃሽ፣ ስልኩ፣ መጋዘኑ ግማሹን ይወስዱታል። በቀን አራት ሰዓት በእጅሽ አለ ብለሽ አቅጂ፤ ከዚያ በላይ ከተገኘ ትርፍ ነው።

ሌላው ግምት ነው። ሰው የራሱን ሥራ ሲገምት ሁልጊዜ ያሳጥረዋል። ካኔማንና ትቨርስኪ የሚባሉት የሥነ ልቦና ሰዎች ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጻፉበት ነገር ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ያሉ ተማሪዎችን "በስንት ቀን ትጨርሳላችሁ?" ብለው ጠየቁ። አማካይ መልሱ 34 ቀን ገደማ ነበር። የፈጀባቸው ግን 55 ቀን አለፈ። በገመቱት ቀን የጨረሱት ከሦስት አንድ አይሞሉም። ፕሮፖዛልሽን "ሁለት ማታ ይበቃዋል" ብለሽ ጽፈሽ ከሆነ አራት አድርጊው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ለሳምንቱ ሦስት ትልልቅ ሥራ እመርጣለሁ፤ እነሱ ካላለቁ ሳምንቱ አላለቀም። ሌላው በሙሉ "ከተረፈ" የሚል ገጽ ላይ ይሄዳል። ከተረፈ ይሠራል፣ ካልተረፈ ማንም አይሞትም።

እናት_ባልትና

የቁጥር ወዳጅን ሒሳብ ወድጄዋለሁ፤ ግን ወንድሜ፣ ለቅሶ ስምንት ሰዓት ውስጥ ተቆጥሮ አይመጣም። ሲመጣ ሦስት ቀን ይዞ ነው የሚመጣው። እንግዳም እንደዚያው ነው።

እኔ ቤት ውስጥ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅቼ የምሸጥ ሴት ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። ውኃ የሚመጣበት ቀን ከሁሉም ይቀድማል፤ የፈለገ ደንበኛ ቢደውል፣ የፈለገ ትእዛዝ ቢኖር። ሮቶው ካልሞላ የሳምንቱ ሥራ የለም። ስለዚህ የእኔ ሳምንት በመጀመሪያ የሚሠራው በማላዝዛቸው ነገሮች ዙሪያ ነው፤ ውኃው፣ የልጆቹ ሰርቪስ ሰዓት፣ የወፍጮ ቤቱ ወረፋ። እነሱን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው የራሴን የምሰካው። አንቺም የእናትሽን የዓይን ቀጠሮ መጀመሪያ ጻፊው። እሱ አይገፋም። ሌላው ይገፋል።

አፕ አልጠቀምም። ፍሪጁ በር ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ። የልጄ ደብተር የመሐል ገጽ ነው፣ ሲዘረጋ ሰፊ ስለሆነ ይመቻል። ቀን አልጽፍበትም፤ ቦታ ነው የምጽፍበት። አንዱ ዓምድ "ወፍጮ ቤት"፣ አንዱ "መርካቶ"፣ አንዱ "ወረዳና ባንክ"፣ አንዱ "ቤት"፣ አንዱ "ስልክ"። ሥራ ትዝ ሲለኝ ቦታው ሥር እጽፈዋለሁ። መርካቶ የምሄደው ከመርካቶ ሥር ያለው በርከት ሲል ነው፤ ለአንድ ፌስታልና ለአንድ ክር ብዬ አልወጣም። እርሳሱ በክር ታስሮ ወረቀቱ አጠገብ ተንጠልጥሏል፤ ካልታሰረ ትንሹ ይዞት ይጠፋል። የወረቀቱ ጥግ ላይ አሁን አንድ ሰማያዊ ዶሮ አለ፣ የሱ ሥራ ነው። ባሌም ከሥራ ሲመለስ "ስልክ" ሥር ያለውን አይቶ ሁለቱን ደውሎ ይጨርስልኛል፤ ስልኬ ውስጥ ቢሆን ኖሮ አያየውም ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ጠላውን አንሺ። ጠላ ለምን ቀድሞ ይጠነሰሳል? ጌሾው ከገባ በኋላ አንቺ ተኝተሽም ይሠራል፣ ቢሮ ሆነሽም ይሠራል። ዘግይተሽ ከጀመርሽው ግን ገንዘብ ብትረጪ አይደርስልሽም። የቢሮ ሥራሽም ውስጥ ጠላ ጠላው አለ። ኦዲተሩ የጠየቀውን ፋይል ሌላ ሰው ነው ፈልጎ የሚያመጣው አይደል? የባንክ ስቴትመንት ባንኩ ነው የሚሰጥሽ አይደል? አድቫይዘርሽም አንብቦ እስኪመልስ ሳምንት ይፈጃል አይደል? እነዚህን ሰኞ ጠዋት ልከሻቸው ዙሪ። ሌሎቹን ስትሠሪ እነሱ ራሳቸው እየበሰሉ ይቆያሉ። ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው በእጁ ካለው ነው፤ ሐሙስ ላይ ለባንክ ሲደውል "ነገ እንሰጥዎታለን" ይሉታል፣ ከዚያ ቅዳሜና እሁድ ይገባል።

ወረዳ ስትሄጂ ደግሞ ዓርብ ጠዋት አትሂጂ። በመንግሥት ሥራ ሰዓት ዓርብ ጠዋቱ የሚያበቃው አምስት ተኩል ላይ ነው፤ ተራ ይዘሽ ስትቀመጪ ይደርስሻል። ይህን የማያውቅ ስንቱ ነው በር ላይ የሚነጫነጭ።

ተራ_አስከባሪ

ሁለታችሁም ጥሩ ብላችኋል፤ ግን የልጅቷ ችግር አለቃዋ ነው። ይህን ማንም አልነካውም።

ኢንተርኔቱ ላይ "የአይዘንሃወር ሳጥን" የሚባል አለ። አራት ሳጥን ነው፤ አስቸኳይና አስፈላጊ፣ አስፈላጊ ግን የማያስቸኩል፣ ወዘተ። የሥልጠና ሰዎች በየአዳራሹ ያሳዩናል፣ እኛም ፎቶ አንስተን እንሄዳለን። አይዘንሃወር የቀድሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው፤ ሰውየው ራሱ ሳጥን አልሠራም። በ1954 እ.ኤ.አ. ኤቫንስተን ከተማ በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ላይ ሲናገር "አስቸኳዩ አስፈላጊ አይደለም፣ አስፈላጊውም አስቸኳይ ሆኖ አያውቅም" የሚል ነገር ጠቀሰ፤ እሱንም ከአንድ የቀድሞ የኮሌጅ ፕሬዚዳንት የሰማሁት ነው ብሎ ነው። ሳጥኑን የሳሉት በኋላ የመጡ ናቸው።

ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት ይሠራ ይሆናል። ሰውየው "ይህ ለአንተ ነው" ብሎ ወደ ታች የሚወረውርለት ሰው አለው። አንቺ ግን ያ የሚወረወርለት ሰው ነሽ። ሳጥኑን ሞልተሽ ስትጨርሺ አለቃሽ በሩ ላይ ነው።

ስለዚህ አትከራከሪ፣ አታኩርፊ፣ እምቢም አትበይ። አስመርጪው። "እሺ ጋሼ፣ አሁኑኑ እጀምረዋለሁ። የጡረታውን ይዤ ስለነበር እሱ ወደ ሐሙስ ይሄዳል። ይሂድ ወይስ እሱን ልጨርስና ወደዚህ ልምጣ?" በቃ። ፈገግ ብለሽ። እሱም ሥራሽን አያውቀውም፣ አሥር ደቂቃ የሚለው ከልቡ ነው። ጠረጴዛሽ ላይ ያለውን ስሙን ጠርተሽ ስትነግሪው ግማሹን ጊዜ "አይ፣ እሱን ጨርሺ" ይላል። ግማሹን ጊዜ ደግሞ በእርግጥም የእሱ ይቀድማል፤ ያኔ ጡረታው የዘገየው በእሱ ውሳኔ ነው፣ በአንቺ ቸልተኝነት አይደለም። ከዚያ ቴሌግራም ላይ አንድ መስመር ጻፊለት፦ "ጋሼ፣ በተነጋገርነው መሠረት የጡረታው ሐሙስ ይገባል።" ነገ "ለምን አልደረሰም?" ሲመጣ መልሱ እዚያው አለ።

ሌላም አለ። ማታ ማታ የምትቆዪ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን (1156/2011) አንብቢው። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት ደግሞ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ ክፍያም አለው። ተጣይ አላልኩም። ግን "የግል ጊዜ የለኝም" የምንለው ሰዓት አንዳንዴ በነፃ የሰጠነው ነው።

ሰኞ_አይወደኝም

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ቁጥር ወዳጅ፣ 15 ሰዓቱን ሳይ ደነገጥኩ፣ ከዚያ ደግሞ ቀለለኝ። ለካ የሚገባው አይደለም።

እናት ባልትና፣ ጠላውን ለእማዬ አነበብኩላት። "እኔስ ይኸው ስንት ቀን ስነግርሽ" አለችኝ። ጥንስሱ ዛሬ ተጣለ።

ተራ አስከባሪ፣ ያንተን ነገር ፈርቼዋለሁ። አለቃዬ በዕድሜም ትልቅ ሰው ናቸው፣ ፊት ለፊት "አንቱ" ነው የምላቸው፣ እዚህ ስጽፍ ነው አንተ ያልኳቸው 🙈 "ይሂድ ወይስ ልጨርስ" ስል እንደ መልስ መስጠት አይቆጠርብኝም? በዚያ ላይ ፕሮፖዛሉን የት ነው የምሰካው? ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ስከፍት አንድ አንቀጽ አንብቤ እዚያው እንቅልፍ ይወስደኛል።

ተራ_አስከባሪ

አንቱ ከሆኑማ ይበልጥ ይቀላል። "ጋሼ፣ የትኛውን ላስቀድምልዎ?" በይ። ትልቅ ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። መልስ መስጠት የሚሆነው "ሥራ በዝቶብኛል" ስትይ ነው፤ ሥራ ያልበዛበት ማን አለና ነው።

ሌሊት_ፈረቃ

ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ነርስ ነኝ፤ በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት። እዚህ ያለነው ሰዎች "አሜሪካ ሰዓት የለም" እያልን ነው የምንኖረው፤ አንቺ ግን እኛን አስከንድተሻል።

ስለ ፕሮፖዛሉ ብቻ ልናገር። ሰዓት ሁሉ እኩል አይደለም። ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ ልብስ ማጠብ እችላለሁ፣ ዕቃ መግዛት እችላለሁ፣ ለእናቴ መደወል እችላለሁ፤ እኔ ጋ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን አዲስ አበባ ከሰዓት ስምንት ተኩል ነው፣ ቡና ላይ ነው የማገኛት። የባንክ ደብዳቤ አንብቦ መረዳት ግን አልችልም። ሞክሬው ቁጥሩ ይዘላል። ለዚህ የእረፍት ቀኔ ጠዋት አለ። ስለዚህ ሥራዎቼን የምለያቸው በአስፈላጊነት አይደለም፤ "ጭንቅላት የሚፈልግ" እና "እጅ ብቻ የሚፈልግ" ብዬ ነው። እጅ ብቻ የሚፈልገው ለደከመው ሰዓት ይቀመጣል።

አንቺ ጭንቅላት የሚፈልገውን ሥራ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አስቀምጠሽ፣ ጠዋቱን በታክሲ ሰልፍ ላይ እየፈጀሽው ነው። ከሆነልሽ ሰኞና ረቡዕ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት ውጪ። በዚያ ሰዓት ሰልፉም አጭር ነው፣ መንገዱም ይፈጥናል። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ቢሮ ብትገቢ ማንም የለም። እስከ ሁለት ተኩል ፕሮፖዛል ብቻ። ቴሌግራሙን አትክፈቺው፤ አለቃሽም ገና ቤታቸው ናቸው። ማታ ግን ሦስት ሰዓት ላይ ተኚ፤ ያለዚያ ሁለት ቀን ሠርተሽ ሦስተኛው ቀን ላይ ትወድቂያለሽ።

ስትቀመጪም "ምዕራፍ አንድን ማረም" ብለሽ አትቀመጪ። እሱ ሥራ አይደለም፣ ተራራ ነው። "አድቫይዘሩ ገጽ ሦስት ላይ ያሰመራቸውን ማስተካከል" ብለሽ ተቀመጪ። ስትነሺ ደግሞ ቀጥሎ የምትጀምሪበትን መስመር እዚያው ገጹ ላይ ጽፈሽ ተነሺ፣ በማግስቱ "የት ነበርኩ?" እያልሽ ግማሽ ሰዓት እንዳትጨርሺ።

እናት_ባልትና

ነርሷ እውነትሽን ነው፤ ግን ማልዶ መነሳት ለሁሉም አይሆንም፣ በተለይ ልጅ ላለው ሰው። እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብነሳ ትንሹ አብሮኝ ይነሳል። የእኔ ጸጥ ያለ ሰዓት ሰርቪሱ ልጆቹን ከወሰደ በኋላ ያለው ነው። ሰው የራሱን ይፈልግ። ይቺ ልጅ ግን ልጅ የላትም፣ ጠዋቱ የራሷ ነው፤ ትሞክረው።

አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ማኅበሩን ብቻሽን አትሸከሚው። ወንበሩን ጎረቤት ይዞት ይመጣል፣ ድፎውን አክስት አታጪም። እማዬ ትጥራቸው። ሰው ሲጠየቅ ነው እንጂ ደስ የሚለው፣ አንቺ ሁሉን ሠርተሽ ስትደክሚ ማን ያመሰግንሻል? "ለሌላ ሰው የሚሰጥ" የሚል አንድ ዓምድ ጨምሪበት።

ቁጥር_ወዳጅ

@ተራ_አስከባሪ የሳጥኑ ነገር አንድ ቦታ ላይ ግን ይጠቅማታል። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ቫት አስፈላጊ ነው፣ አያስቸኩልም። ሰኔ 28 ላይ አስፈላጊም አስቸኳይም ይሆናል፤ ያኔ አገሩ በሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ኔትወርክ ቢጠፋ ወይም አንድ ደረሰኝ ቢጎድል መውጫ የለም፣ ቅጣቱም አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእንደዚህ ዓይነቱ ነው። ስለዚህ የሒሳብ ሰው ከሁሉም በፊት የወሩን ካሌንደር ነው ማየት ያለበት፤ ከዚያ ነው ወደ ሳምንቱ የሚወርደው። የጡረታውና የሥራ ግብሩም እንደዚሁ ነው። ለጡረታው ሠራተኛው 7፣ ድርጅቱ 11 በመቶ፤ ፔይሮሉ (የደመወዝ ዝርዝሩ) አንዴ ካለቀ ሒሳቡ ያለቀ ነገር ነው፣ የሚቀረው ማስገባቱ ነው። ለምን እስከ ወሩ ማብቂያ ትሸከመዋለች?

ሰኞ_አይወደኝም

እሺ፣ ይኸው የሚቀጥለውን ሳምንት እንዲህ አድርጌዋለሁ፤ ተቹት።

ሦስቱ ትልልቆች፦ የግንቦት ቫትና ጡረታ አብረው፤ የኦዲተሩ ፋይል፤ የምዕራፍ አንድ የመጀመሪያ አምስት ገጽ (ሙሉ ምዕራፉ አይደለም፣ ሰምቻለሁ)።

ሰኞ በጠዋት ቢሮ፣ ፕሮፖዛል። ሁለት ተኩል ላይ ሌላ ምንም ሳልነካ ለባንክ ስቴትመንት ደብዳቤ፣ ለመጋዘኑ ልጅ የኦዲተሩን ሊስት እልካለሁ። ማክሰኞ ቫትና ጡረታ። ረቡዕ በጠዋት ፕሮፖዛል፣ ቀን ላይ ስቴትመንቱ ከመጣ ሪኮንሲሌሽን። ሐሙስ ጠዋት የእማዬ ቀጠሮ፣ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ። ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ወጣ ብዬ ወረዳ። ከሰዓት የኦዲተሩን ፋይል ማሰር። ቅዳሜ ከክፍል በፊት የማኅበሩ ዕቃ።

ልብስ ሰፊዋ፣ ስፖርቱ፣ የቆጠራው ሊስት "ከተረፈ" ላይ ናቸው። የመብራት ካርዱንና እቁቡን ከስልኬ ላይ ባቡር ውስጥ እጨርሳቸዋለሁ፣ እጅ ብቻ የሚፈልጉ ናቸው። ወንበሩን የጎረቤታችን ልጅ ያመጣል፣ እማዬ ነግራዋለች።

ለአለቃዬም ዛሬ ሞከርኩት። "የትኛውን ላስቀድምልዎ?" አልኳቸው። ትንሽ አስበው "የቱ ነው ቀን ያለው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "እሱን ጨርሺ፣ የኔው ነገ ይደርሳል" ብለው ሄዱ። ተራ አስከባሪ ቡና አለብኝ።

ተራ_አስከባሪ

ቡናውን እቀበላለሁ 😄 ሁልጊዜ እንዲህ አይሉም፣ አንዳንድ ቀን "ሁለቱንም" ይላሉ። ያኔ "እሺ፣ ሁለቱም ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ይደርሳሉ" በይና ሰዓቱን አንቺ ወስኚው።

ቁጥር_ወዳጅ

ጥሩ ነው፤ ሦስት ነገር ላስተካክል።

ወረዳውን ከዓርብ አንሺው፣ እናት ባልትና ነግራሻለች። አራት ሰዓት ላይ ከሜክሲኮ ተነስተሽ አያት ስትደርሺ በሩ ሊዘጋ ነው። ሐሙስ ፈቃድ ወስደሻል አይደል? ግማሽ ቀን የነበረውን ሙሉ ቀን አስደርጊው። እማዬን ከቀጠሮ መልሰሽ ቤት ካደረሻት በኋላ ሰፈር ውስጥ ነሽ፤ ሰባት ተኩል ላይ ወረዳው ሲከፈት በር ላይ ብትሆኚ ይሻላል። ሁለተኛ ፈቃድ ከመጠየቅም ያድንሻል።

ዓርብ ከሰዓት ላይ የኦዲተሩን ፋይል አስቀምጠሻል፤ ዓርብ ከሰዓትን ባዶ ተዪው። የሳምንቱ ትርፍራፊ ሁሉ የሚወድቀው እዚያ ነው። ሐሙስን በሙሉ ስትወጪ ደግሞ የሚጠብቅሽ ይኖራል። ፋይሉን ዓርብ ጠዋት ጀምሪው፣ ወረዳው ከተነሳ ጠዋቱ ነፃ ነው።

ቫቱ ደግሞ ማክሰኞ የሚያልቀው የግዢ ደረሰኞቹ ከተሟሉ ነው። መጋዘን ያለው ልጅ ደረሰኝ ጠፋብኝ ያለሽ ስለ የትኛው ወር ነው? የግንቦት ከሆነ ሰኞ ጠዋት ከባንኩም በፊት ለሱ ደውይለት፤ ፎቶ ልኬልሻለሁ ካለሽም ዋናውን ይዞ እንዲመጣ አድርጊ።